መስኮት ላይ የተሰቀለ ወፍጮ

አየር ማቀዝቀዣ በመጀመሪያ የተሠራው ለሰው አልነበረም፤ ለወረቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ሳኬትና ዊልሄልምስ የሚባል ማተሚያ ቤት በሞቃቱ ወራት እርጥበት ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። ባለ ቀለም ሥዕል ሲታተም ወረቀቱ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ጊዜ በማተሚያው መኪና ውስጥ ያልፋል። አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንግዲህ ቀዩ ከቢጫው፣ ቢጫው ከሰማያዊው ጋር አልገጥም ይላል። በዚህ ጊዜ ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ ቀዝቃዛ ውኃ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ላይ አየር እየነፋ የክፍሉን እርጥበት 55 በመቶ ላይ የሚያረጋ መሣሪያ ነደፈ። ወረቀቱ አደብ ገዛ። ሠራተኞቹ ቀዝቀዝ ማለታቸው ምርቃት ነበር።

መጽሐፍ ከሚወድ ሰው ጋር ስለ ኤሲ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ሰበብ አላገኘሁም። የዛሬው ጉዳዬ ግን ወረቀት አይደለም። ጉዳዬ ከአዲስ አበባ ደጋ ተነሥተው በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በየአፓርታማው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። ሐሳቤም አጭር ነው፦ የመስኮት ኤሲ ሲገዛ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ድምፁ ነው። ከዋጋው በፊት፣ ከጉልበቱም በፊት። በድምፁ የተጠላ ኤሲ ይጠፋል፤ የጠፋ ኤሲ ደግሞ መስኮት የዘጋ ቁም ሣጥን ነው።

በአማርኛ ሐምሌ ሲባል ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጋቢ ነው። ሐምሌ ክረምት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ትከሻው ላይ የሚደርበውን ይፈልጋል። እዚህ ያው ሐምሌ እሳት ነው። የዋሽንግተን የጁላይ ቀን ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ላብ ከቆዳ ላይ አልደርቅ ይላል። ሌሊቱ እንኳ እፎይ አያሰኝም። የጡብ ሕንፃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋልና አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል እስከ እኩለ ሌሊት ምድጃ ሆኖ ይቆያል።

እናቴ ይህን ሁሉ «ወበቅ ነው፣ ያልፋል» ትለዋለች። ብዙዎቹ አረጋውያን እንዲሁ ናቸው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይቀንሳል፣ ላብም እንደ ወጣትነት አይወጣም፤ ለደም ግፊት ተብሎ የሚዋጥ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሲታከልበት ሰውነት ከውስጥ እየደረቀ ሰውዬው «ትንሽ ደከመኝ» ብሎ ጋደም ይላል። ሙቀት አያስጮኽም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 በቺካጎ ከተማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለው የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነዚህ ሰዎች በሰፊው ጽፏል፤ አንዳንዶቹ ሌባ ፈርተው በርና መስኮታቸውን ቆልፈው የተቀመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በፈረንሳይ በአንድ ኦገስት ወደ 15,000 የሚጠጋ ሰው በሙቀት ሳቢያ አልቋል።

«ቀድሞስ ሰው እንዴት ይኖር ነበር?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጥያቄው መልካም ነው። አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1998 በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ኤሲ ከመምጣቱ በፊት ስለነበረችው ኒው ዮርክ ትዝታውን ጽፎ ነበር፤ ሰው ፍራሹን ይዞ ከሕንፃው ውጭ ባለው የብረት ደረጃ ላይ፣ ከዚያም አልፎ በሴንትራል ፓርክ ሣር ላይ ያድር ነበር። ውብ ዘመን ይመስላል። እኔ ግን የ74 ዓመት እናቴን ጋቢ አልብሼ መናፈሻ አላሳድራትም። ቬንቲሌተር ይበቃታል የሚሉትም አየሩ 35 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቬንቲሌተር የሚያማስለው ሙቅ አየር ብቻ መሆኑን ዘንግተዋል።

ስለዚህ ኤሲ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁላችንም እንስማማ ይሆናል። የማንስማማው እናቶቻችን ለምን እንደሚያጠፉት ስንጠይቅ ነው።

ልጆች ተሰብስበን ስንጫወት መልሱ ዘወትር አንድ ነው፦ «ንፋስ ይመታኛል ይላሉ እኮ!» ከዚያ እንስቃለን። ምችና ብርድ የሚሉት ነገር በሐኪም መጽሐፍ የለም እያልን ሳይንስ ያወቅን ይመስለናል። እኔ ግን እናቴን ለአንድ ሐምሌ በጥሞና ስሰማት ሦስት ክስ አገኘሁባት፤ ሦስቱም እውነት ነበሩ። የመጀመሪያው ንፋሱ ነው፤ አልጋዋ የሚገኘው ልክ ቀዝቃዛው አየር በሚወርድበት ቦታ ነበር። ሁለተኛው የመብራት ሒሳብ ነው፤ ቆጣሪ የሚቆጥርባትን ነገር ሁሉ እንደ ባለዕዳ ታየዋለች። ሦስተኛውና ዋናው ድምፁ ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደ አሮጌ ማሽን ነበር፤ ሲነሣ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሲቆምም እንደ ጋሪ ተንገራግጮ ነው።

«ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ነው ያስገባህብኝ» አለችኝ አንድ ማለዳ። «እህቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ‹የት ነሽ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ዳዊት የመድገም ልማድ አላት። የምትደግመው ለራስዋ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው። ያ ማሽን በርቶ ሳለ ለራስዋም አይሰማትም ነበር፤ ስለዚህ ተነሥታ ታጠፋዋለች፤ ጨርሳም አታበራውም። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እስከ ረፋድ ድረስ ክፍሉ ተዘግቶ ይግላል። ይህን «የአሮጊት ግትርነት» ብሎ የሚጠራ ልጅ መጽሐፍ እያነበበ ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍትበት ምን እንደሚሰማው ራሱን ይጠይቅ።

እንግዲህ ስለ ድምፅ እናውራ። ዴሲቤል የሚባለው መለኪያ ተንኮለኛ ነው። ከ50 ወደ 60 ሲወጣ ዐሥር ብቻ የተጨመረ ይመስላል፤ ለጆሮ ግን እጥፍ ያህል ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሽኑ በዝቅተኛው ፍጥነት ሲሠራ የተለካው ነው፤ ስለዚህ «42» የሚል ባየን ጊዜ «በየትኛው ፍጥነት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ርካሾቹ የመስኮት ኤሲዎች ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ይጮኻሉ።

ቁጥሩ ግን ሁሉን አይነግረንም። ሁላችንም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አድገናል። የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከየትኛውም ኤሲ ይበልጥ ይጮኻል፤ ነገር ግን ከዚያ የጣፈጠ እንቅልፍ፣ ከዚያ የተመቸ የንባብ ሰዓት አላውቅም። ዝናቡ አንድ ወጥ ነውና ጆሮ ይለምደዋል፣ ይረሳዋልም። እንቅልፍን የሚሰብረው ድንገት የሚነሣና ድንገት የሚቆም ድምፅ ነው። የአሮጌው ዓይነት ኤሲ ጠባይ ደግሞ በትክክል ይህ ነው፤ ኮምፕረሰሩ የሚያውቀው በሙሉ ጉልበት መሥራትን ወይም ጨርሶ መቆምን ብቻ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሣና ሲወድቅ ያድራል።

ኢንቨርተር ያለው ኮምፕረሰር እንደ ጥሩ ሹፌር ነው፤ ፍሬን እየረገጠ ከመቆም ይልቅ ነዳጁን ይቀንሳል። ክፍሉ የሚፈለገውን ያህል ከቀዘቀዘ በኋላ ዝግ ብሎ ያንሾካሹካል እንጂ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ ማይዲያ የተባለው የቻይና ኩባንያ እንግዳ ቅርጽ ያለው የመስኮት ኤሲ ገበያ ላይ አውጥቷል። ፈረንጆቹ «ዩ» ይሉታል፤ እኔ ግን ሳየው «ሀ» ነው። የመስኮቱ መስታወት በሀ መካከል ወርዶ ይዘጋል፤ ጩኸታሙ ኮምፕረሰር ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል፣ ወደ ቤት የሚገባው ነፋሹ ክፍል ብቻ ነው። አምራቹ በዝቅተኛው ፍጥነት 42 ዴሲቤል ነው ይላል። ሆኖም ይህ ማሽን እንከን የለሽ እንዳይመስለን፦ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ውኃው በሚገባ ሳይፈስ እየቀረ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል ተብሎ 1.7 ሚሊዮን ያህል «ዩ» ኤሲዎች በአሜሪካ እንዲመለሱ ወይም እንዲጠገኑ ጥሪ ተደርጓል። አሮጌ ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው የሞዴሉን ቁጥር ከአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ዝርዝር ጋር ሳያስተያይ ገንዘቡን አያውጣ።

ስለ ጉልበቱም ጥቂት ልበል፤ በዚህ ነገር ላይ ማኅበረሰባችን ክፉ ልማድ አለውና። «ትልቁን ግዛ፣ ይቆይልሃል» ይባላል። ለድስት ይሠራል፣ ለኤሲ አይሠራም። ከ150 እስከ 250 ስኩዌር ፊት ስፋት ላለው ክፍል የኢነርጂ ስታር ሠንጠረዥ 6,000 ቢቲዩ ይበቃል ይላል። ኢንቨርተር የሌለው ትልቅ ማሽን ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲገባ አየሩን በደቂቃዎች ውስጥ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ግን ጊዜ አላገኘም። ውጤቱ እንደ ዋሻ የሚበርድና የሚረጥብ ክፍል ነው። እናቶቻችን «ብርድ ገባኝ» ሲሉ ይህን ማለታቸው እንደሆነ አምናለሁ፤ የብሩክሊኑ ወረቀትም የተቸገረው በእርጥበት ነበር። ኢንቨርተር ያለው ፍጥነቱን መቀነስ ስለሚችል ከልኩ ጥቂት ቢበልጥም ያን ያህል አይጎዳም።

ያው ሠንጠረዥ በክፍሉ ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ ዘወትር የሚቀመጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ 600 ቢቲዩ ይጨመር ይላል። እናቴ ቅዳሜ ቡና ስታፈላ ስምንት ሴቶች ይመጣሉ፤ ከእርሷ ጋር ሲቆጠሩ ሰባቱ ትርፍ ናቸውና 4,200 ቢቲዩ መሆኑ ነው። ስለ ጀበናው እሳትና ስለ እጣኑ ሠንጠረዡ ዝም ብሏል። የእኔ ምክር ለቅዳሜው ቡና ተብሎ አይገዛ ነው፤ ያን ቀን መስኮት ይከፈታል፣ ሰውም ይጫወታል። ኤሲ የሚገዛው ለሌሊቱ ነው።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ ሻጮች «ራሱን ይከፍላል» ይላሉ። እስቲ እናስላው። ሲኢኢአር የሚባለው የቁጠባ ቁጥር 11 የሆነ የ8,000 ቢቲዩ ኤሲ ሲሠራ ወደ 730 ዋት ይወስዳል፤ ቁጥሩ 15 የሆነው 530 ዋት ገደማ። በቀን ስምንት ሰዓት፣ ለ90 ቀን በሙሉ ጉልበት ቢሠሩ ልዩነቱ 140 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም ብንይዘው 25 ዶላር መሆኑ ነው። ጸጥተኛው በ150 ዶላር ከተወደደ ስድስት ሐምሌ መጠበቅ ሊኖርብን ነው። በቁጠባ ስም ብቻ ግዙ ብዬ አልከራከርም። መልካሙ ነገር ጸጥታውና ቁጠባው የሚመጡት ከአንድ ምንጭ፣ ከኮምፕረሰሩ ዝግታ መሆኑ ነው፤ ለእናቴም «በዓመት 25 ዶላር የሚያተርፍልሽ ነው» ስላት ፊቷ በርቷል። የቀረውን ሒሳብ አልነገርኳትም።

ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ ጸጥታውን የማበላሸት ኃይል አለው። ጥሩ ማሽን ባልጠበቀ መስኮት ላይ ሲቀመጥ መስኮቱ ከበሮ ይሆንለታል። በመጀመሪያ ይህ ማሽን የሚገጥመው መስታወቱ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚንሸራተት የአሜሪካ መስኮት ነው፤ እንደ አገር ቤቱ በማጠፊያ የሚከፈት ከሆነ ተራው ኤሲ አይሆነውም። ወርዱ በሜትር ይለካ። ክብደቱ ከ18 እስከ 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ብቻን መታገል የጀግና ሥራ አይደለም፤ ከታች ሰው ያልፋል። በውጭ በኩል ግድግዳ ላይ የሚያርፍ የብረት ድጋፍ ይታሰርለት፤ ብዙ አከራዮች ግዴታ ያደርጉታልና አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ውኃ ልክ ከሌለ ከጎረቤት ይለመን። የተለመደው ዓይነት ጥቂት ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ውኃው ምንጣፍ ላይ ነው። ስለ «ሀ» ቅርጹ የራሱ መመሪያ የሚለውን መፈጸም ነው። ማሽኑ በሚያርፍበት የመስኮት ደፍ ላይ ስፖንጅ ወይም ላስቲክ ይነጠፍ፤ ንዝረቱ ወደ እንጨቱ እንዳይተላለፍ የሚያደርገው እርሱ ነው። በተራው ኤሲ ግራና ቀኝ ያለው እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ በጣም ስስ ስለሆነ ሙቀትም የመንገድ ጩኸትም ያሳልፋል፤ በልኩ በተቆረጠ ወፍራም ስፖንጅ ይደገፍ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን በሁለቱ መስታወቶች መካከል፣ ከላይ የሚቀረውን ክፍተት ነው። የታችኛው መስታወት ወደ ላይ ሲገፋ ከላይኛው ጋር ተደርቦ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሙቁ አየር፣ የአምቡላንሱ ሳይረን፣ ትንኙም የሚገቡት በዚያ ነው። በመጨረሻም መስታወቱ እንዳይነሣ በቪቴ ይጠበቅ፤ ካቻቢቴው በእጅ እያለ የማሽኑ የፊት ሽፋንም ይፈተሽ፤ አብዛኛው መንቀጥቀጥ የላላ ቪቴ ነውና።

ስፒናው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለ ሶኬት ይሰካ። ማራዘሚያ ገመድ ይግላል፣ ቤትም ያቃጥላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ስፒናው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጭኖ መብራቱን ማቋረጧን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ከውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ቢሰማ አይደንግጡ፤ ማራገቢያው የተጠራቀመውን ውኃ እያነሣ በሙቁ ቱቦ ላይ እንዲረጨው ሆኖ የተሠራ ብዙ አለ። ውኃው ይውጣ ብሎ ታችኛውን ቆርቆሮ መብሳት ማሽኑን ማበላሸት ነው።

የንፋሱ ክስ መፍትሔው ቀላል ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ራሱ ይወርዳል፤ የማሽኑ ከንፈሮች ወደ ጣሪያው ይዙሩ፣ አልጋውም ከፊቱ ይነሣ። የሙቀቱን ልክ በተመለከተ ከእናቴ ጋር የተስማማነው 78 ፋራናይት ላይ ነው። ቁጥሩን ስታየው «ሰባ ስምንት ዲግሪ! ልትቀቅለኝ ነው?» ብላ ነበር፤ በሴንቲግሬድ ከ26 እንደማያልፍ ጽፌ ከጎኑ ለጠፍኩላት። በርቀት መቆጣጠሪያውም ላይ ካሉት ብዙ ቁልፎች ሦስቱን ብቻ ትቼ ሌሎቹን በፕላስተር ሸፈንኳቸው፤ በሦስቱ አጠገብ «ማብሪያ»፣ «ቀዝቀዝ»፣ «ሞቅ» የሚል በእጅ ጽሑፍ አለ። ሌሊት ዐሥር ሰዓት በመነጽር ሳይሆን በዳሰሳ ነው የምታገኛቸው።

ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ፤ አቧራ ሲደፍነው ነፋሹ ይታፈናል፣ ድምፁም ይሻክራል። እኛ ቤት ቅዳሜ ከቡናው በኋላ ከስኒዎቹ ጋር አብሮ ይታጠባል፤ በለብታ ውኃ፣ ሳይፈተግ፣ ከዚያም በረከቦቱ አጠገብ ተሰጥቶ በጥላ ይደርቃል።